የጀማሪ ጥያቄና የአዋቂ መልስ፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ስለሚማሩ ተማሪዎች የቀረበ ሒስ

1. መግቢያ

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት በአገራችን ያልሰማ ሰው አይገኝም። ተረቱ ጥያቄን ያመሰግናል፤ ዝምታንም ይነቅፋል። ነገር ግን ጥያቄ እንዴት እንደሚቀርብ፣ የተጠየቀውም ሰው መልሱን በምን ዐይነት እንደሚሰጥ ሳይናገር ያልፋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ተረቱ ሳይነካ የተወውን ይህንኑ ክፍል ነው። ጕዳዩን ሰፊ አድርገን እንዳንበትነው ግን በአንድ ትምህርት ብቻ፣ ይኸውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጻፍ ትምህርት፣ ቦታውንም በሰሜን ሸዋ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ ወስነነዋል።

ሐሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ ብንገልጸው ይህ ነው፤ ለጀማሪው ተማሪ ያለቀለት መልስ የሚሰጠው ብዙ ነው፤ እርሱ ራሱ የሠራውን አይቶ የሚያርመው ግን ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ተማሪው ግን ባለበት ይቀራል። ጥፋቱ የጠያቂውም የመላሹም ስለ ሆነ ሁለቱንም በየተራ እንመለከታለን።

2. የነገሩ ሁኔታ

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የኮምፒዩተር ትምህርት ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት አማካይነት ፕሮግራም መጻፍና የመሳሰለውን ሙያ ለማስተማር ያቀደውን ሥራ አስጀመረ። ስለዚህ ዛሬ ጀማሪ የምንለው ሰው በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የተቀመጠው ተማሪ ብቻ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአንኮበር ተራራ ላይ የሚኖር፣ ኮምፒዩተር ሳይኖረው በእጅ ስልኩ ፓይተን የሚሞክር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ጀማሪ ነው።

እንዲህ ያለው ተማሪ ትምህርቱን የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቶለታል። ነገር ግን ትምህርቱን ማግኘትና በትምህርቱ መካከል እንቅፋት ሲያጋጥም የሚረዳ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕሮግራም መጻፍ ደግሞ ከሌላው ትምህርት ይልቅ እንቅፋቱ የበዛ ነው። በታሪክ ወይም በጂኦግራፊ ትምህርት ተማሪው አንድ ቃል ቢሳሳት ጽሑፉ ትርጕም አያጣም፤ በፕሮግራም ግን አንዲት ምልክት ብትጐድል ሥራው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ጀማሪው በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠያቂ እንዲሆን ይገደዳል።

3. የጠያቂው ጥፋት

ተማሪዎች ከጓደኞቻቸውም ሆነ ከመምህራኖቻቸው እርዳታ ሲለምኑ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ቃል «ፕሮግራሜ እንቢ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ» የሚል ነው። አንዳንዱም የኮምፒዩተሩን ገጽታ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ፎቶግራፉም ግማሹ ተቈርጦ፣ ያለ አንዳች ቃል ይልከዋል። ይህ ሐኪም ቤት ገብቶ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደሚል በሽተኛ ነው። ሐኪሙ የት እንደሚያመው፣ መቼ እንደ ጀመረው፣ ምን እንደ በላ ካልሰማ ምን ዐይነት መድኃኒት ይሰጠዋል?

የተሟላ ጥያቄ ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ አንደኛ ምን እንዲሆን እንደ ተፈለገ፣ ሁለተኛ ምን እንደ ተሠራ፣ ሦስተኛ ምን እንደ ተገኘ። ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ በደብረ ብርሃን ገበያ የተሸጠ ገብስ የሚደምር ፕሮግራም በፓይተን ጻፈ እንበል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ነጋዴ ኩንታል ይጠይቃል፤ ተማሪው 5 ብሎ ይጽፋል። የሁለተኛውንም ይጠይቃል፤ 7 ብሎ ይጽፋል። ድምሩ 12 መሆን ሲገባው ኮምፒዩተሩ 57 ብሎ ያወጣል። ተማሪው «መደመር አልቻለም» ብሎ ቢጠይቅ መላሹ ይደናገራል። «12 ስጠብቅ 57 አገኘሁ» ቢል ግን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ምክንያቱም ፓይተን ከገበታው የገባለትን ነገር ሁሉ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቍጥር አይቀበለውም፤ ሁለት ጽሑፎችንም ደምር ሲሉት ጐን ለጐን ያስቀምጣቸዋል። ተማሪው የገባውን ጽሑፍ አስቀድሞ ወደ ቍጥር ይለውጥ ዘንድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ልብ እንበል፤ 57 የምትለው ቍጥር የስሕተቱን ምክንያት በውስጧ ይዛለች። ጠያቂው እርሷን ካልነገረን መልሱን ደብቆ መልስ ይለምናል።

ሁለተኛው የጠያቂ ጥፋት ኮምፒዩተሩ የሚነግረውን አለማንበብ ነው። ተማሪዎች «ኤረር» የሚሉት የስሕተት መልእክት በቀይ ቀለም ሲወጣ ብዙዎቹ እንደ ስድብ ቈጥረው ዐይናቸውን ያነሣሉ። መልእክቱ ግን ስሕተቱ በስንተኛው መሥመር እንደ ታየ ይናገራል። ሲ በሚባለው ቋንቋ አንድ ተማሪ በ8ኛው መሥመር መጨረሻ ሴሚኮሎን ቢረሳ፣ መልእክቱ አንዳንድ ጊዜ የሚያመለክተው 9ኛውን መሥመር ነው፤ ምክንያቱም ማሽኑ መጕደሉን የሚያውቀው ቀጣዩን ቃል ሲያገኝ ነው። ይህን አንድ ጊዜ የተረዳ ተማሪ ከዚያ በኋላ ከተጠቀሰው መሥመር ከፍ ብሎ መመልከትን ይለምዳል፤ ያልተረዳው ግን ምንም ጥፋት የሌለበትን 9ኛ መሥመር ሲሰርዝና ሲጽፍ ይውላል።

እዚህ ላይ ለጠያቂው ልንከራከርለት የሚገባ ነገር አለ። በአማራ ክልል ተማሪው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአማርኛ ተምሮ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋው ይሆናል። የስሕተቱ መልእክት የሚወጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በተራ እንግሊዝኛ ሳይሆን በባለሙያዎች አነጋገር ነው። ስለዚህ አላነበበም የምንለው ተማሪ አንዳንድ ጊዜ አንብቦ ያልገባው ነው። ለዚህ የሚሆነው መፍትሔ መልእክቱን ቃል በቃል ገልብጦ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኛ በተማርንበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ያልገባውን ቃል በወረቀት ጽፎ ለመምህሩ እንዲያቀርብ ይደረግ ነበር፤ ቀላል ልማድ ቢመስልም ተማሪው ያልገባው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ እንዲያውቅ አስገድዶታል።

4. የመላሹ ጥፋት

መላሹ የሚያጠፋው በሁለት ወገን ነው፤ አንዱ በደግነት፣ ሁለተኛው በትዕቢት ነው።

በደግነት የሚያጠፋው የጠያቂውን ሥራ ራሱ ሠርቶ የሚሰጠው ነው። ጀማሪው 20 መሥመር ፕሮግራም ይዞ ይመጣል፤ አዋቂው ጓደኛው 10 መሥመር አድርጎ አሳምሮ ይመልስለታል። ጠያቂውም አመስግኖ ይሄዳል፤ ለመምህሩም ያስረክባል። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ስሕተት ይዞ ይመለሳል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረች ጊዜ፣ በ1841 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ካፒቴን ሐሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ጠመንጃ በስጦታ አመጣ። ስጦታው ዋጋ ያለው እንደ ነበረ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ጠመንጃ መቀበልና ጠመንጃ መሥራት አንድ እንዳልሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ተሠርቶ የተሰጠ ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው፤ ሲበላሽ ተቀባዩ የሚጠግንበት ዕውቀት የለውም።

የአገራችን የፊደል መምህራን ይህን ችግር ጥንት ያወቁት ይመስለናል። ሕፃኑ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ገበታውን በዜማ ከወጣ በኋላ ፊደሉን ያወቀ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያወቀው የዜማውን ቅደም ተከተል ነው። ከመካከል አንዱን ፊደል ለይተው ቢያሳዩት ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልቈጠረ ስሙን ሊነግራቸው አይችልም። ስለዚህ መምህራኑ አቡጊዳን አስከተሉ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ፊደሉ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እየዘለለ ስለሚሄድ የዜማው ልማድ ሕፃኑን አይረዳውም፤ ፊደሉን በመልኩ ሊያውቀው ይገደዳል። የተሠራ ፕሮግራም ተቀብሎ የሚያስረክብ ተማሪ ሀሁን በዜማ እንደሚወጣ ሕፃን ነው። ጥሩ መላሽም ለጠያቂው አቡጊዳ ሊያመጣለት ይገባል። የገብሱን ድምር ያስተካከለለት ሰው «እንግዲህ ነጋዴዎቹ ሦስት ቢሆኑ፣ አንደኛውም በኩንታል ፈንታ ግማሽ ኩንታል ቢያመጣ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቀው። ተማሪው ይህን ከመለሰ የመጀመሪያውን አውቆታል፤ ካልመለሰ ግን አላወቀውም።

በትዕቢት የሚያጠፋው ደግሞ «ይህንን ሳታውቅ ምን ልትሠራ ወደዚህ ትምህርት ገባህ?» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ መልስ የተሰጠው ጀማሪ ሁለተኛ አይጠይቅም። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ አፉን ይዘጋል፤ ዝምታ ባይነቅዝም በዝምታው ውስጥ ያለው ተማሪ ግን ይነቅዛል። በተለይ ከገጠር የመጣውና ኮምፒዩተርን በመጀመሪያ የነካው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሆነው ተማሪ፣ እንዲሁም በወንዶች መካከል ብቻዋን የተቀመጠችው ሴት ተማሪ፣ በዚህ ዐይነት ንግግር ከሌላው ይልቅ ይጐዳሉ። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ሰው ከትምህርቱ ለመውጣት ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲና የመሰሉት መላሽ ማሽኖች መጥተዋል። ተማሪዎች ወደ እነርሱ የሚሮጡበትን ምክንያት ስንመረምር አንዱን በፍጹም ልንነቅፈው አንችልም፤ ማሽኑ አይስቅም፣ አይሰድብም፣ አንድ ነገር መቶ ጊዜ ቢጠየቅ አይሰለችም። ይህ ለእኛ ለሰዎቹ መላሾች ወቀሳ ነው። ነገር ግን ማሽኑ የደጉን ሰው ጥፋት አብዝቶ ይደግመዋል፤ ካልተከለከለ በቀር ሥራውን በሙሉ ሠርቶ ይሰጣል። ስሕተት ሲናገርም እውነት በሚናገርበት በዚያው ድምፅ ስለሚናገር፣ ራሱ መመርመር የማይችለው ጀማሪ ሁለቱን አይለያቸውም። «ሥራልኝ» ለሚለው ባለ ዕዳ ያደርገዋል፤ «ይህ 57 ከየት መጣ? መልሱን ሳትነግረኝ ምልክት ስጠኝ» ለሚለው ግን መምህር ሊሆነው ይችላል።

5. የራሳችን የሆኑ ጥያቄዎች

ተዘጋጅቶ የሚገኝ መልስ እስካለ ድረስ ገልብጦ መኖር ይቻላል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የራሳችን የሆኑ፣ ሌላው አገር ያላሰበባቸው ጥያቄዎች እንዳሉ እናሳያለን።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ3ኛው እትም፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ዛሬ ፊደላችን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በሲ ቋንቋ «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት የሚለካ ተማሪ 3 ሲጠብቅ 9 ያገኛል። በፓይተን ቢለካው 3 ያገኛል። የትኛው ስሕተት ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ ባይት ይቈጥራል፣ ሌላው ፊደል ይቈጥራል። ይህን ያልተረዳ ሰው የሰዎችን ስም የሚመዘግብ ፕሮግራም ቢጽፍ ለ20 ፊደል ያሰበው ቦታ 6 ፊደል ብቻ ይዞ ይሞላበታል፤ የባለቤቱም ስም ተቈርጦ ይቀራል።

ሁለተኛው ምሳሌ የዘመን አቈጣጠራችን ነው። ከውጭ የተገለበጠ ፕሮግራም ወሮችን ከ1 እስከ 12 ይቈጥራል፤ በእኛ ዘንድ ግን 13 ወሮች አሉ። ጳጕሜን 5 ቀን ሲሆን፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር 6 ቀን ይሆናል፤ 2015 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። ሰዓታችንም ከአውሮፓው በ6 ይለያል። ጳጕሜን 3 ቀን ብድሩን የከፈለ የደብረ ብርሃን ነጋዴ ወሩን በማያውቅ ፕሮግራም ቢመዘገብ፣ ሒሳቡ ወይ ይጠፋል ወይ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል።

ሦስተኛው ሀ፣ ሐ እና ኀ ናቸው። በአነጋገር አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስሙ በ«ኃይለ» የተመዘገበ ሰው በ«ሀይለ» ሲፈለግ አይገኝም።

እነዚህ ጥያቄዎች በየትም አገር ተዘጋጅተው የሚጠብቁን አይደሉም፤ ጥቂት ያገራችን ሰዎች በየጊዜው ቢደክሙባቸውም በእያንዳንዱ ዐዲስ ሥራ ላይ እንደ ዐዲስ ይነሣሉ። መመለስ የሚችለውም አቡጊዳን ያለፈ ተማሪ ብቻ ነው። ነገሩ የአንድ ተማሪ ማርክ ጕዳይ ብቻ አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው። ስሙ የተቈረጠው፣ ሒሳቡ የጠፋው፣ መዝገቡ ያልተገኘለት ሰው የአገራችን ሰው ነው።

6. ከቅኔ ቤት የምንወስደውና የማንወስደው

በሸዋም ሆነ በሌላው አገር የቅኔ ተማሪ የሚማርበት ሥርዓት ለዚህ ጕዳይ ብዙ ይረዳል። መምህሩ ቅኔ ይሰጣል፤ መንገዱንም ይፈታል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ከሰው ተለይቶ ብቻውን የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን እንመልከት። ያለቀ ሥራ ማሳየት ክልክል አይደለም፤ መምህሩ ራሱ አስቀድሞ ያሳያል። ነገር ግን ከማሳየቱ ጋር መፍታት አለ፤ ከመፍታቱም በኋላ ተማሪው የራሱን ይዞ ካልመጣ እርማት የለም። ተማሪውም የሚጀምረው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው፤ መወድስ የሚደርስበት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። የፕሮግራም ጀማሪም 200 መሥመር ይዞ ከመጠየቅ ይልቅ ስሕተቱ የሚታይበትን ሁለት ሦስት መሥመር ለይቶ ቢያወጣ መላሹን ያሳርፋል፤ ብዙ ጊዜም ለይቶ ሲያወጣ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። ይህን የጥያቄ ጉባኤ ቃና ብንለው አይከፋም።

እርዳታ በሥርዓቱ ሲሰጥ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድም ከዚያው ወገን ምስክር አለን። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሥራ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው አስፋፉት፤ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም ከእርሳቸው ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ትውልድ በአንድ መጽሐፍ ላይ ሠራ። ተቀባዩ መቀጠል የቻለው አሠራሩን ጭምር ስለ ተቀበለ ነው።

ይሁን እንጂ የቅኔ ቤቱን ሁሉ እንዳለ እናምጣ አንልም። የመምህሩ ግርማ እጅግ የከበደ በመሆኑ ተማሪው «አልገባኝም» ለማለት የሚፈራበት ጊዜ አለ፤ ቅጣቱም ጽኑ ነበር። በጓደኞች ፊት መታረም የሚጠቅመው እርማቱ ሥራውን ሲነካ ነው፤ ሰውየውን ሲነካ ግን ከላይ የነቀፍነው ትዕቢት ይሆናል።

7. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጊዜ የለንም፤ ኮምፒዩተሩ ለብዙ ሰው አንድ ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ሥራው ነገ ይረከባል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ማታ መብራት ጠፍቶበት ጧት ሥራ የሚያስረክብ ተማሪ የጓደኛውን ቢገለብጥ ከስንፍና ብቻ የመጣ ነው ልንለው አንደፍርም። ነገር ግን በዚህ ውስጥ የአስተማሪውም ድርሻ አለ። ማርክ የሚሰጠው ለሚሠራ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ተማሪው የሚሠራ ፕሮግራም ከየትም ፈልጎ ያመጣል። ያልሠራ ፕሮግራም ይዞ የመጣና ለምን እንዳልሠራ በትክክል የሚያስረዳ ተማሪ፣ የሚሠራ ፕሮግራም ይዞ መጥቶ ማስረዳት ከማይችለው የበለጠ ማርክ ቢያገኝ፣ የመገልበጥ ጥቅም በራሱ ይቀንሳል።

8. ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ በላይ በተናገርነው መሠረት ሦስት ነገሮች እናሳስባለን። ጠያቂው የፈለገውን፣ የሠራውንና ያገኘውን ሳይለይ አይጠይቅ። መላሹ ሥራውን ከማቃናቱ አስቀድሞ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከመለሰም በኋላ አንድ አቡጊዳ ጨምሮ ይፈትን። የትምህርት ክፍሎችም በሳምንት አንድ ጊዜ ከፍ ያሉት ተማሪዎች የጀማሪዎቹን ሥራ የሚያርሙበት ሰዓት ይወስኑ፤ ለዚህ ሥራ ዐዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፣ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል።

በተለይ ለላይኛው ክፍል ተማሪዎች የምንለው አለን። ከእናንተ ብዙዎቹ ትናንት «57 ከየት መጣ?» ሲሉ የነበሩ ናቸው። ዛሬ ያንን ጥያቄ የሚያመጣላችሁ ልጅ ነገ የአገሩን ሰው ስም ሳይቈረጥ የሚመዘግበውን ፕሮግራም የሚጽፈው እርሱ ሊሆን ይችላል። የሚጽፈው ግን ዛሬ ሥራውን አይቶ የሚያርመው ሰው ካገኘ ነው።